እጁን እስኪያነሣ

ደምሌ እናቴን አግብቶ ቤታችን በገባ በሦስተኛው ሳምንት የአባቴ ሽመል ከግድግዳው ላይ ጠፋ። በማግስቱ ወንጭፉ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ አሮጌ ጋቢው፤ እናቴ ለሰው ልስጠው እያለች አውጥታ፣ አሽትታ፣ መልሳ ቆጥ ላይ የምታስቀምጠው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የጠፋውን ሁሉ በጠጠር እቆጥር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጠጠር፣ ከማድቤቱ ጀርባ ካለው ድንጋይ ሥር። ሽመሉ ማታውኑ ወደ ቦታው እንደተመለሰ፣ ጋቢውም በሦስተኛው ቀን ተጣጥፎ ቆጡ ላይ እንደተገኘ አሁን አስታውሳለሁ። ያኔ ግን ዕቃ ሲመለስ ጠጠር አላነሣሁም። የምቆጥረው የሚጠፋውን ብቻ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት ግድም። ቤታችን ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ አፋፍ ላይ ነበር። ከቤቱ በታች የድንጋይ ካብ አለ፤ ከካቡ በታች የገብስ ማሳችን፤ ከማሳው በታች ምንም የለም፣ ገደል ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ የሚወጡት ከዚያ ምንም ከሌለበት ነው። ገብሱ እሸት ሲይዝ ሠላሳ አርባ ሆነው አፋፉ ላይ ብቅ ይላሉ፤ ጠባቂ ዞር ካለ የአንድ ቤት የዓመት ቀለብ በአንድ ረፋድ ያልቃል።

አባቴ ጓዴ በሕይወት ሳለ ማሳውን የሚጠብቀው ከመከታ ጋር ነበር። መከታ ቡላ ውሻ ነው፣ ግራ ጆሮው የተቆረጠ። አባቴ ከማማው ላይ ወንጭፉን ሲያስጮህ መከታ ከሥሩ እንደ ድንጋዩ ይወረወር ነበር። እኔ ደግሞ ካቡ ላይ ተቀምጬ እስቃለሁ። ከዚያ አባቴ ቆላ ወረደ፤ ንዳድ ይዞት ተመለሰ፤ በሰኔ ቀበርነው። መከታ ማሳውን ተወ። ጭላዳዎቹ በዐይኑ ሥር ሲግጡ ተኝቶ ያያቸዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ተነሥቶ ይሄድና፣ ቅጽረ ማርያም ገብቶ ከአባቴ መቃብር አጠገብ ይገኛል።

ውሻ ቅጽር ውስጥ ተገኘ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ዕቃዎቹ መጥፋት ሳይጀምሩ በነበረው እሑድ የማርያም ገበዝ አባ ገብረ ሚካኤል ግቢያችን ድረስ መጡ። እናቴ በርጩማ ብታቀርብላቸው አልተቀመጡም።

«አዛለች፣ ውሻችሁ ዛሬም ከጓዴ መቃብር ተገኘ።»

«አስረነው ነበር አባ። ጠፍሩን በልቶ ሄደ።»

«ይህን ስትይኝ ሦስተኛሽ ነው። የማርያም ቤት የውሻ መዋያ ሆነ ተብሎ እስከ ወገዳ አገር ይሰማ? እስከ ኅዳር ጽዮን እታገሣለሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ቢገኝ ግን ከገደሉ ነው የሚወረወር። እኔ ብተውላችሁ ሕዝቡ አይተውላችሁም።»

ደምሌ እስከዚያ ድረስ ጠፍሩን ይዞ፣ ውሻው በጥርሱ የቆረጠበትን ጫፍ እያየ ነበር። «እኔ አለምደዋለሁ አባ» አለ። «ከማሳው እንዲውል አደርገዋለሁ።»

«ምን ሊለምድ? የሞተ ጌታውን ፈልጎ ነው የሚመጣ።»

«ይሆናል» አለ ደምሌ። ጠፍሩን እየጠቀለለም፣ «ላይሆንም ይችላል» አለ።

ይህች «ላይሆንም ይችላል» ከጆሮዬ አልወጣ አለች። መከታ አባቴን ካልፈለገ ማንን ሊፈልግ ነው? ይህ ሰው የአባቴን ሚስት ወስዷል፣ የአባቴን ማሳ ያርሳል፣ አሁን ደግሞ የአባቴን ውሻ ሐዘን ሊክድ ነው አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደምሌ ጠዋት ጠዋት ከጋቢው ሥር የሆነ ነገር ሸሽጎ ውሻውን እየጎተተ ወደ ማሳ መውረድ ጀመረ። እኔ ካቡ ላይ በሆዴ ተኝቼ በድንጋዮቹ መካከል አየዋለሁ። አንድ ቀን አጥንት ነው። መከታ አሸተተው፣ በአፉ ይዞ ትንሽ ራመድ አለ፣ ጣለው። አንድ ቀን አጓት በቅል፤ ጠጣና አፉን ልሶ ተኛ። አንድ ቀን ጅራፍ አመጣና ከውሻው ርቆ አየሩን አስጮኸ፤ መከታ መሬት ላይ ተለጥፎ ሁለት ቀን ሙሉ አልቀርበውም አለ። ጅራፉ ሁለተኛ ወደ ማሳ አልወረደም። የአባቴን ወንጭፍ አውጥቶ ሲያሽከረክር መከታ ቀና ብሎ አየው፤ ዐይኑን ጨፈነ። ጋቢውን ማማው ላይ አነጠፈለት፤ አሸተተ፣ አነጠሰ፣ ወረደ።

ደምሌ አይቆጣም። ይህ ነበር ይበልጥ የሚያስፈራኝ። ሰው የማይቆጣው የሚጠብቀው ነገር ሲኖረው ነው ብዬ አስብ ነበር። ቁጭ ብሎ ውሻውን ያየዋል፤ ገብስ ነቅሎ ያኝካል፤ እንደገና ያየዋል።

ምንጭ ላይ ሴቶቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለ እሱ ነው። ከሁሉም የሚብሰው የጎረቤታችን የእትዬ ተዋበች አፍ ነው።

«ውሻ እያባበለ ነው አሉ፣ የአዛለች ባል።»

«ሚስቱን ሳያባብል!» አለች አንዷ፤ ሳቁ ምንጩን ሞላው።

«እናንተ ሳቁ። የሞተ ሰው ልብስ ታቅፎ ማሳ የሚወርድ ሰው ምን ሊሠራ ነው? እኔ እንጃ» አለች ተዋበች፤ እኔን ስታይ ደግሞ፣ «አልጣሽዬ፣ ቅጂና ሂጂ እናቴ። ይህ የአዋቂ ወሬ ነው» አለች። ቅጂና ሂጂ የምትለው ግን ወሬውን ከጨረሰች በኋላ ነው።

ለእሷ ያልነገርኳት፣ ለማንም ያልነገርኳት አንድ ነገር ነበረኝ። ውኃ በምቀዳበት ቀን ገንቦዬን ከምንጩ አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ እደብቅና፣ በጥዶቹ መካከል ባለች ቀዳዳ ቅጽር ገብቼ አባቴ መቃብር ላይ እቀመጣለሁ። ብዙ አልቆይም። እናቴ ዐይኔን አይታ እንዳታውቅ ስመለስ በምንጩ ውኃ እታጠባለሁ። እዚያ ተቀምጬ ሳለ መከታ ይመጣል። እኔ ስደርስ አይኖርም፤ ትንሽ ቆይቶ በዚያችው ቀዳዳ ሾልኮ ይገባና እግሬ ሥር ይተኛል። እኔ ስነሣ አንዳንዴ አብሮኝ ይወጣል፣ አንዳንዴ እንቅልፍ ወስዶት ይቀራል። ሰዎቹ የሚያገኙት ያኔ ነው።

እሱም እንደ እኔ ሰዓት አለው አልኩ። አባቴን የምናስታውስ ሁለታችን ብቻ ነን።

በጥቅምት መጀመሪያ የእኔው አሮጌ ቀሚስ ጠፋ። ያጠረኝ አቡጀዲ ነው፤ እናቴ ጫፉን በቀይ ክር የጠለፈችው። አንድ ጠጠር ጨመርኩ። በዚያው ሰሞን እናቴ ጠራችኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ የአያ ደምሌን ምሳ የምትወስጂ አንቺ ነሽ። ካቡ በር ላይ ትቆሚያለሽ። እጁን ካነሣ ትገቢያለሽ። ካላነሣ አገልግሉን ካቡ ላይ አስቀምጠሽ ትመለሻለሽ።»

«ለምን?»

«ለምን የሚል ልጅ አልወለድኩም።»

የመጀመሪያው ቀን እጁን አላነሣም። ማማው ላይ ቁጭ ብሎ አየኝ። መከታ ከሥሩ ቆሞ ነበር፤ እኔን ሲያይ አለቀሰ፣ ጅራቱ መላ ወገቡን ወዘወዘው። ደምሌ አልተንቀሳቀሰም። አገልግሉን አስቀምጬ ተመለስኩ፤ ጉንጬ እየነደደ። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ገና ካቡ ጋ ስደርስ ከገደሉ አፋፍ የጭላዳ ጩኸትና የውሻ ጩኸት ተቀላቅሎ ይሰማ ነበር። አቧራው ሲጠራ መከታ ከማሳው ጫፍ ቆሟል። ደምሌ ቀኝ እጁን አነሣ። እኔ ከካቡ በር ሁለት እርምጃ ሳልገባ መከታ ደረሰና ገፍትሮ ጣለኝ፤ አገልግሉ ተንከባለለ።

«ተይው፣ ተይው» አለ ደምሌ እየሳቀ። «ምሳው ይቅር። አንቺ ውሻውን አሻሺው።» እሱ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ቀናቱ እንዲህ ሄዱ። አንዳንዴ እጁ ይነሣል፣ አንዳንዴ አይነሣም። ለምን እንደሚነሣ፣ ለምን እንደማይነሣ አላወቅሁም። ውሻው ጭላዳዎቹን በመለሰ ቀን እንደሚነሣ፣ በተኛ ቀን እንደማይነሣ አሁን ማንም ይገምታል። እኔ ግን የማየው ውሻውን አልነበረም፤ የማየው የሰውየውን እጅ ነበር። እጁ ባልተነሣ ቀን የሚደብቀው ነገር አለ እላለሁ። በተነሣ ቀን ደግሞ የደበቀውን ጨርሷል እላለሁ።

ከዚያ መከታ ወደ መቃብሩ መምጣት አቆመ።

ተቀምጬ ጠበቅሁት። ጥዶቹ ይንሾካሾካሉ፤ ቀዳዳዋ ባዶ ነው። በማግስቱም፣ በሳምንቱም። ገንቦዬን ተሸክሜ ስመለስ ከሩቅ ማማው ሥር ተቀምጦ፣ አንድ ጆሮውን አቁሞ ገደሉን ሲጠብቅ አየዋለሁ። ስጠራው ጅራቱን ይወዘውዛል፤ አይነሣም። አባቴን የምናስታውስ አንድ ብቻ ቀረን።

አንድ ቀን ደምሌ ሞፈር ሊጠርብ ጎረቤት ሲሄድ ማማው ላይ ወጣሁ። ቋሚው ላይ ቀይ ጥልፍ ያለው ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል። የእኔ ቀሚስ ነው። ከሥሩ ያለው እንጨት በውሻ ምላስ ተልሶ ለስልሷል።

ለእትዬ ተዋበች ነገርኳት። ለእናቴ ልነግር አልቻልኩም፤ እናቴ የእሱ ሚስት ናት። ተዋበች ገንቦዋን አስቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የለበስሽውን ጨርቅ? ወየው ልጄን! ይህማ ሌላ አይደለም፣ አፍዝ አደንግዝ ነው። በውሻው ላይ ሞከረ፤ ውሻው አባትሽን ረሳ። ቀጥሎ አንቺ ነሽ የምትረሺ።»

አባቴን ልረሳው? የዚያን ቀን ጠዋት የድምፁን ነገር ለማስታወስ ሞክሬ አቅቶኝ ነበር። ሳቁ ይመጣልኛል፤ ስሜን ሲጠራ ግን እንዴት እንደሚል ጠፍቶኝ ነበር። አመንኳት።

ወደ ቤት አልሄድኩም። አባ ገብረ ሚካኤልን ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር አገኘኋቸው፤ መስቀላቸውን ሳምኩና፣ «ደምሌ መተት ይሠራል» አልኩ።

«ማን አለሽ?»

«አይቻለሁ። ልብሴን ወስዶ ውሻውን ያደነዝዝበታል። ማማው ላይ አስሮታል።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን አነሡ። በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን መተተኛ የተባለ ሰው ሚስቱም ማሳውም አብረውት አይቆዩም። ይህን አውቅ ነበር ብል ውሸት ነው፤ አላውቅም ነበር ብልም ሙሉ እውነት አይደለም። ፊት ፊታቸው መንገድ እየመራሁ ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደምሌ ከጎረቤት ተመልሶ ማማው ሥር ቆሞ አገኘነው። መከታ ከጎኑ ነው። እኔ ከካቡ በር አላለፍኩም፤ ልማድ ሆኖብኝ እዚያው ቆምኩ። አባ ግን ገቡ፤ በመቋሚያቸው ጨርቁን ነኩት።

«ይህ ምንድን ነው ደምሌ?»

«የልጅቷ አሮጌ ቀሚስ ነው አባ።»

«እዚህ ምን ይሠራል?»

ደምሌ ወደ እኔ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ መልሶ ዘጋው።

«ተናገር እንጂ። ዝም ካልክ ሌላ ነገር ነው የሚሆን። ይህ ነገር ክፉ ስም አለው፤ ስሙን እኔ እንድጠራው አታድርገኝ። እገዝትሃለሁ!»

«ክፉ ነገር የለበትም።»

«እንግዲያስ ለምን አትናገርም?»

ላቡ በግንባሩ ሲወርድ አየሁ። ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ እሾህ እየለየ። «አባ፣ እኔ ብናገር ላያምኑኝ ይችላሉ። ትንሽ ይቆዩ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ይወጣሉ። ውሻውን ይዩና ይፍረዱ።»

አባ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ካቡ በር ላይ ቆምኩ። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ከእግሬ ሥር እስከ ገደሉ ይተኛና ይነሣል። ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ፣ ጎፈሩን እንደ ካባ ለብሶ፣ አፋፉ ላይ ተቀመጠ። ከኋላው ሌሎቹ። መከታ ተነሣ። ደምሌ ምንም አላለም። ውሻው ሆዱን ገብሱ ውስጥ ደብቆ ሄደ፤ ከዚያ ተወረወረ፤ አባቴ በነበረበት ጊዜ እንኳ እንዲያ ሲወረወር አላየሁም። ጭላዳዎቹ እየጮኹ አንድ በአንድ ወደ ምንም ወረዱ። መከታ አፋፉ ላይ ቆሞ ጮኸባቸው። ከዚያ ዞሮ ወደ እኛ አየ።

ደምሌን አላየም። ጨርቁንም አላየም። የሚያየው የካቡን በር ነበር።

ደምሌ እጁን አነሣ።

መከታ በማሳው ዳር ዳር መጣ። ማማውን አለፈ። ከፊታቸው አቋርጦ ሲያልፍ አባ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። እኔ ጋ ሲደርስ ዝቅ ብሎ አገጩን እግሬ ላይ አሳረፈ። መቃብሩ ላይ እንደሚያደርገው።

አባ ገብረ ሚካኤል ተነሡ። አንዴ ውሻውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ከአድማሱ ላይ የሚታየውን የማርያምን ጥድ አዩ። «ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «ውኃ ስትቀጂ አባትሽ መቃብር ትሄጃለሽ?»

አፌን ሳልከፍት ደምሌ መለሰ። «ውኃ ቀድታ ትመለሳለች እንጂ የት ትሄዳለች፣ አባ። ብቻዋን ቅጽር የምትገባ ልጅ አይደለችም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

በካህን ፊት ዋሸ። መስቀል ከያዙ ሰው ፊት፣ ዐይኑን ሳያሽ! ይኸው፣ አልኩ በሆዴ፤ ይኸው የምለው። ሰው አንድ ውሸት ካለው ሁሉም አለው።

አባ መቋሚያቸውን ገብሱ ውስጥ ተክለው ቆዩ። «ውሻው እዚሁ ይዋል» አሉ በመጨረሻ። «ጨርቁን ግን ፍታው። ሰው ያወራል።» ሲያልፉኝ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ፤ የጫኑት ከተለመደው በላይ ቆየ።

ኅዳር ጽዮን መጥቶ አለፈ። መከታ ከዚያ በኋላ ስድስት ክረምት ኖረ፤ ቅጽር ግን አልገባም። እኔ ወደ መቃብሩ እሄድ ነበር፤ ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ለደምሌ ምሳ አደርስ ነበር፤ እጁ ሲነሣ እገባለሁ፣ ሳይነሣ እመለሳለሁ። ከ«እሺ»ና «እንካ» ሌላ ግን ቃል አላወጣሁለትም። ከገበያ ማር ሲያመጣልኝ አልቀምስም። ከእስቴ ገበያ መስታወት ቢያመጣልኝ ለተዋበች ልጅ ሰጠሁ። አይቆጣም። ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ከዚያ እስቴ አገር ተዳርኩ። የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ለጥየቃ ስመጣ እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር። ስለ መከታ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ያ ሰው በመተት አባቴን አስረስቶት ነበር አልኩ፣ እንደ ቀልድ።

የእናቴ እጅ ምስሩ ውስጥ ቆመ።

«አንቺ ውኃ በሄድሽ ቀን ብቻ ነበር ውሻው የሚጠፋ» አለች። «ደምሌ ነው ቀኑን የቆጠረ። አጥንት ሰጥቶ፣ የአባትሽን ዕቃ አሳይቶ፣ ምንም እንቢ ሲለው አንድ ጠዋት ተከተለው። ከጥዱ ውጭ ቆሞ ሁለታችሁን አየ። ተመልሶ ‹ውሻው የሚሻው ጓዴን አይደለም፣ ልጅቱን ነው› አለኝ።»

«እና ለምን አልከለከላችሁኝም? እኔ ካልሄድኩ ውሻው አይሄድ።»

«እኔማ ልከልክል ብዬ ነበር። እንቢ ያለ እሱ ነው። ‹አባቷ ቤት የገባሁት አነሰና ከአባቷ መቃብር ልከልክላት?› አለኝ። ‹ውሻው ማሳው ላይ ይጠብቃት፤ እሷ ትሂድ› አለ። አባ ማሳው ድረስ የመጡ ዕለትም እውነቱን ቢናገር አንቺን ነበር የሚይዙ፤ ውሻ ቅጽር ያስገባች እሷ ናት ብለው።» አንዲት ጠጠር ከምስሩ ለይታ ጣለች። «ዋሽቶ መጣ። ንስሐ ገብቶ ዐርባ ቀን ጾመባት፤ ያቺን ውሸት።»

እዚያው ተቀምጬ የቆጠርኳቸውን ጠጠሮች አሰብኩ። ከማድቤቱ ጀርባ ያለው ድንጋይ አሁንም ቦታው ላይ ነበር።

«ምሳው ወርዶለታል?» አልኩ።

«ገና ነው።»

ልጄን ከጀርባዬ ፈትቼ ለእናቴ ሰጠሁና አገልግሉን ያዝኩ። ገብሱ እሸት ይዟል። ደምሌ ማማው ላይ ነበር፤ ሸብቷል፤ ከሥሩ ውሻ የለም። ካቡ በር ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። ልግባ ብል መግባት እችል ነበር፤ ትልቅ ሰው ነኝ፣ የወለድኩ። ግን ቆምኩ።

ፀሐይዋ በዐይኑ ነበረች። ማን እንደሆንኩ ለማወቅ አንገቱን አቀረቀረ፣ ቀና አደረገ፣ በመዳፉ ዐይኑን ከለለ። ሳያውቀኝ ብዙ ቆየ። ልጠራው ፈለግሁ፤ ምን ብዬ እንደምጠራው አላወቅሁም። አገልግሉን አቅፌ ጠበቅሁ።

እጁን አነሣ።